የዳማ ቃጭል

እኔ ጫማ ሰፊ ነኝ፣ ከቧንቧ ውሃ በላይ፣ ከአስፋልቱ ዳር፣
ኑሮዬን ያሰርሁት በወስፌና በክር።
የደሴን ሰው ከፊቱ ይልቅ በተረከዙ አውቀዋለሁ፤
ዳገት የበላውን፣ ቁልቁለት የላጠውን፣ ከሶሉ አነበዋለሁ።

አንድ ማክሰኞ፣ ዝናቡ ሲያባራ፣ በትር ሳጥኔን መታ፤
ዙበይዳ ነበረች፣ የሰኞ ገበያዋ፣ ዓይነ ስውር፣ ለነገር የማታመነታ።
«ጋሽ ይመር፣ ኳስ ስፋልኝ። የሚናገር።»
ሳቅሁ። ምን እዋሻለሁ፣ ሳቅሁ ከምር።
«ልጄ፣ እኔ ጋ የሚመጣው ጫማ ነው፤ እሱም ካልተቀደደ አፍ የለው።»
አልሳቀችም። «ሰባት ነን። እግር አለን። የጠፋብን ኳሱ ነው።»

ጠጠር ከተትሁበት፤ እንደ ተራበ ሆድ ጮኸ።
በቆሎ ሞላሁት፤ ክረምቱ ሰርጎ ገባና ከኳሱ ሆድ በቀለ።
ቆርኪ ጨመርሁ፤ ከጆሮዋ አስጠግታ ነቀነቀችው፣
«ይሄ ያጉረመርማል እንጂ አይጠራም» ብላ መለሰችው።

ኮምቦልቻ ወረድሁ። ሐረጎን በሚኒባስ፣ ጆሮዬ እየተደፈነ፣
አሊጋዝ ዘንድ፣ ፈረሱ ከሞተ ወዲህ ጋሪው የዶሮ ማደሪያ ከሆነ።
ከምስማር ላይ አራት ቃጭል አወረደ፣ አቧራውን በእጅጌው ጠረገ፤
«የዳማ ናቸው» አለ። አንዴ ነቀነቀ። አንገቱን ወደ በሩ አዞረ።
ከዚያ ጀባ አለኝ። ዋጋ አልጠራም።
እኔም አልጠየቅሁም።

ሆጤ ሜዳ ላይ ግን በር አለ። በሩ ላይ ዘበኛ አለ።
«ለነሱ ሜዳ ምን ያደርጋል? ቢወድቁስ?» አለ።
ይወድቃሉ፣ አልሁት። ሳይወድቅ ኳስ የለመደ የት አለ?
ቢሮ ሄድን። ማመልከቻ፣ ማኅተም፣ «በጀት የለም» የሚል መልስ።
በጀት ማን ጠየቀ? ሰዓት ነው የጠየቅነው፣ ላብ እስኪያጠምቀን የምንሮጥበት፣ የምንተነፍስ።
በመጨረሻ የሰጡን፣ ማንም የማይፈልገውን ነው፤
ማለዳ አሥራ ሁለት፣ ደሴን ጉም ሲውጠው።

ጦሳ የለም። ሚናራውም ጉልላቱም የለም።
የገዛ እጄን አላየሁም።
ልጆቹ ልዩነቱን አላወቁትም።
ሽል… ሽል… አለ ከጉሙ ውስጥ፤ ዳማ ሶምሶማ የሚረግጥ መሰለኝ፤
«መጣሁ!» ይላል አንዱ፣ «አለሁ!» ትላለች ሌላዋ፣ ሣሩ ሲቀደድ ተሰማኝ።
ለልምምድ የመጡት ዓይናሞች ከዳር ቆሙ፣ ኳሳቸውን አቅፈው፤
«አይታይም» አሉ። «ታዲያ ግቡና ስሙ!» አለች ዙበይዳ፣ ስታልፍ ተራምዳ።
አንዱ ጀግና ገባ፤ የጎሉን ቋሚ አገኘው፣
በአፍንጫው።
ሳቅም ክልክል ነበር፤ ቃጭሉ እንዲሰማ ዝምታ ያስፈልጋል፤
ያ ዘበኛ፣ ብርድ የለከፈው፣ ሳሉን በጋቢው ሲያፍን ይታየኛል።

ሦስት ሰዓት ሲሆን ፀሐይ ወጣች። ጉሙ ወደ አዝዋ ገደል ሸሸ።
ፊሽካ ተነፋ፤ «ባለ ሜዳዎቹ» መጡ፤ የእኔ ልጆች ወጡ፣ ጉልበታቸው በጭቃ እንደ ጨቀየ።

ከዚያን ቀን ወዲህ ክፉ ዱዓ ለመድሁ፦ ያ ረቢ፣ ጉሙን አርዝመው።
ዙበይዳ ሰማችኝ። ድምጿ እንደ ወስፌ ነው።
«ለምን ጉም ትለምንልናለህ? እኛ ከፀሐይ ተጣልተናል?
ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሰው ግጥም ባለበት፣ አንገታችን ሲቃጠል፤
እሱን ለምን።»

እንግዲህ አራተኛው ማመልከቻ ይኸው፣ በጭኔ ላይ፣
ፊደሌ እንደ ሰካራም ስፌት፣ መስመሩን ሳያይ።
ኳሱ ከሳጥኔ ሥር ነው፤ አንድ ጎኑ ላልቶ ክር ይጠብቃል፤
መንገደኛ በእግሩ ሲነካው ቃጭሉ ይነቃል፣
ሰውየው ቆሞ፣ ዳገቱን ቁልቁለቱን እያየ፣
ፈረስ ይፈልጋል።