የበሩ ሽቦ

ከችልችንቢቶ ወዲያ፣ ጥርጊያው ከሚያበቃበት፣
ሬዲዮ ከሚንተባተብበት፣ ስልክ ከሚሞትበት፣
ሽማግሌው ወድቋል በገዛ ጉሮኖው ደጃፍ፣
ፊቱ ወደ ምሥራቅ፣ እጁ ከውሃው ገንዳ አፍ።

ስሙን አልጠራውም። እኛ ዘንድ ነውር ነው፤
የሞተን ሰው መጥራት ከመንገዱ መመለስ ነው።
መዝገቤ ላይ ግን የግድ መጻፍ ነበረብኝ፤
ጻፍኩና በመዳፌ ሸፈንኩት፣ እንዳያየኝ።

ነፍስ ሲጠፋ ሕጉ ከእጃችን ይወስደዋል፤
የፌዴራሉ ሰው ከፍላግስታፍ ይነዳል፤
ሦስት ሰዓት መንገድ። እስከዚያ የእኔ ሥራ
አስከሬን መጠበቅ ነው፣ ከነፋስ ጋራ።

ነፋስ ደግሞ ያውቃል የቱን እንደሚልስ፤
ፊደል ያጠፋል፣ አሸዋ ላይ ሲመላለስ።
ስለዚህ ቶሎ አነበብኩ፣ ባትሪዬን አጋድሜ፣
አንዴ በእምብርክክ፣ አንዴ ቁጢጥ፣ አንዴ ቆሜ፦

አርባ ሦስት ቁጥር ቦት፣ ተረከዙ የተበላ፤
በዝግታ መጣ። ሮጠ። ቆመ። ተመለሰ ወደ ኋላ።

ሰው ገድሎ የሚመለስ ምን ቢረሳ?
የሟች ኪስ አልተነካ፣ የብር ቀለበቱ አልተነሳ።
ዱካው ወደ ጉሮኖው በር ወሰደኝ፤
በሩ ተዘግቷል።
                ያኔ ነው የበረደኝ።

ባዳ ሰው ገድሎ በር ይዘጋል?
ሠላሳ አንዱን በግ ቀበሮ ቢጨርስ ምን ይገደዋል?

ደም እየነካው እንኳ እጅ ልማዱን አይረሳ፦
ሽቦውን ሦስት ዙር፣ በግራ፣ ጠምዝዞ ሲያነሳ
ጫፉን ወደ ውስጥ አጥፎታል፣
የበግ ጠጉር እንዳይዝ።

እንዲህ የሚያስር ሰው በዚህ አገር ሁለት ነው።
በአንድ የበረዶ ወር፣ ከአንድ አያት ተማርን፤
ጣታችን ብረቱ ላይ ተጣብቆ አብረን አለቀስን።
አንዷ እኔ ነኝ።
ሌላው ሌአንደር፣ የእናቴ እህት ልጅ።
በኛ ቋንቋ ለእሱ ሌላ ቃል የለም፤ ወንድም ነው እንጂ።

ባለፈው ወር፣ በቀበሌው አዳራሽ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣
ሽማግሌው የግጦሽ ፈቃዱን ለሌላ እንደሚያወርስ ሲያሰማ፣
ሌአንደር ምንም አላለም። ወንበሩን አጠፈ፣
ከግድግዳው አስደገፈ፣
ቀስ ብሎ ወጣ፤
በሩንም ዘጋው።

ሰማዩ አመድ ሲመስል የመኪናው መብራት መጣ።
ኪልብራይድ ይባላል፤ ጨዋ ሰው ነው፣ እንቅልፍ ያጣ።
ፎቶ አነሳ፣ ለካ፣ የወርቅማ ሪዙን አሻሸ፤
‹ዘራፊ ይሆናል› አለ፣ ወደ አውራ ጎዳናው እያሸ...
አልጨረሰውም፤ በጎቹ ጮኹ። ውሃው ከአጥሩ ወዲህ ነው፣
ጥማቸው ከአጥሩ ወዲያ።

‹አታካይ፣ በሩን ፍቺልኝ› አለኝ።
ጓንቱን እያጠለቀ፣ ጀርባውን ሰጠኝ።

ብፈታው፣ ነገሩ እንደታሰረ ይቀራል፤
እንደታሰረ ብተወው፣ ነገሩ ይፈታል፤
የሚታሰረው ሌላ ነው።

ነፋሱ ተነሳ። ዱካውን ከተረከዙ ጀምሮ ላሰው፤
አርባ ሦስቱን ቁጥር ቦት እያየሁ ጨረሰው።
ከዚያ በኋላ ምስክር የቀረው አንድ ብቻ፣
አንድ ስንዝር የዛገ ሽቦ፤ እሱም በእኔ ጣት ስልቻ።

አክስቴ ዛሬ ጠዋት ምን እየሠራች ይሆን?
እንጨት እየፈለጠች? ሬዲዮ ከፍታ? የሱን
ሸሚዝ እያጠበች?

‹አይነካም› አልኩ። ‹መጀመሪያ ፎቶ አንሳው።›
‹ምኑን?›
‹አስተሳሰሩን።›

ግራ ገባው። ቢሆንም ጎንበስ ብሎ አነሳው፣ አንዴ፣ ሁለቴ፤
እኔም ግራ እጄን ኪሴ ከተትኩ፣
እስኪጨርስ ድረስ።