ውሉ

ኅዳር አሥራ ሁለት፣ መንደሩ ሲታጠን፣
የቆሻሻው ጭስ ከብሎኩ ሥር ሲያፍነን፣
እንባ ያጋጠመው ጭሱን ሰበብ አርጎ
ፈረመ በተራ ዓይኑን ጠራርጎ።

አሥራ ዘጠኝ መምህር፣ አንድ ባለቤት፣ አንድ ጠበቃ፣
አንድ ከወረዳ የመጣ ሰው፣ ሰዓቱን ደጋግሞ የሚያይ፣
የመጨረሻው ሃይገር እንዳያመልጠው።

አሥራ አንድ ቀን በቱሉ ዲምቱ ነፋስ፣
ከበሩ ማዶ፣ ከጎሚስታው አጠገብ፣
አሮጌ ጎማ ላይ ተደርድረን ከርመናል።
ደወሉ ግን በሰዓቱ ይደወል ነበር፤
ዘበኛው ጋሽ ቱፋ "እጄ እንቢ አለኝ፣ ልማድ ነው" ይለናል።
ባዶ ክፍል ይገባል፤ ባዶ ክፍል ይወጣል።

ያገኘነው ይኸው፦
ዘጠኝ መቶ ብር፣ ከጥር ጀምሮ የሚታሰብ፤
ለታክሲ ሦስት መቶ፤
ለመምህራን ክፍል አንድ የሻይ ማንቆርቆሪያ፣
ማንም ያልጠየቀው፣ ማን እንደጨመረው የማይታወቅ፤
የክረምት ደመወዝ፣
ሁለት ወር ጠይቀን ሐምሌን ሰጡን፣
ነሐሴ ቀረ።

"ነሐሴማ ጾም ነው" አለ ሞቱማ፣ የስፖርቱ።
"እኔስ?" አለች ረምላ፣ "የኔ ጾም ነሐሴ ላይ አይውልም።"
"የቤት ኪራይ አይጾምም" አለ አንዱ ከኋላ።
ሳቅን። ሳቁ ከኛ ቀድሞ ደከመው።

እኔ የሂሳብ መምህር ነኝ።
ጭማሪውን በወራቱ አባዛሁ፣
ያልተከፈልንበትን አሥራ አንድ ቀን ቀነስኩ፣
ለዘይትና ለስኳር አካፈልኩ፤
መልሱ ወጣ፤ ከነጥብ በኋላ የማያልቅ።

ሸማኔ ነበር አባቴ። ክር ሲወሳሰብብኝ
"አትጎትተው ልጄ፣ ይብስ ይቋጠራል፤
ውሉን ያገኘ ሰው ሁሉን ይፈታዋል" ይለኝ ነበር።
ስድስት ገጽ ሙሉ ውል ይዤ ወጣሁና
ውሉ የት ላይ ነው? ጠፋኝ እንደገና።

ገጽ አራት፣ አንቀጽ ዘጠኝ፦
"የኮንትራት ጊዜያቸው ያበቃ ሠራተኞችን
ይህ ስምምነት አይመለከትም።"
ሠራተኞች። በብዙ ቁጥር።
አንድ ሰው ናት፤ አስካለ፣ የአንደኛ ክፍል፣
ጥያቄያችንን በልጅ ደብተር ላይ፣ በሁለት መስመር መካከል ያሰፈረች፣
እኛ ስንጮህ "ቀስ" የምትል።
ኮንትራቷ ያለቀው ኅዳር ስድስት ነው፤
ከኛ ጋር ጎማ ላይ ተቀምጣ ሳለች።

አነበብነው።
ጠበቃው ገጹን ሲገልጥ ፈጠነብን የሚል አለ፤
አልፈጠነም።
ሞቱማ ወደ መስኮቱ ዞረ፤ ረምላ ቀና ብላ አየችኝ፤
እኔ እስክሪብቶው መጻፉን በመዳፌ ሞከርኩ።
ጻፈ።

ማታ ደወልኩላት።
"ሐምሌን አገኛችሁ?"
"አገኘን።"
"ጎሽ።"
ከጀርባዋ ውሃ ሲቀዳ ይሰማል፤
እሷ ብሎክ ውሃ የሚመጣው ማክሰኞና ዓርብ ሌሊት ነው።
"ጀሪካኑ ሞላ" አለችና ዘጋችው።

የባከነው ቀን በቅዳሜ ይካካሳል፣ ይላል አንቀጽ አሥራ ሁለት።
በመጀመሪያው ቅዳሜ እኔን መደቡኝ፣
አንደኛ ክፍል፣ ተተኪ እስኪገኝ።

ሰሌዳው አልጠፋም።
ያን ዕለት ደወሉ ሲደወል ጠመኔዋን ያስቀመጠችበት፣
በዚያ ቀጥ ባለ ጽሕፈቷ፦

ነ
ኑ

ከሥሩ ጥቁር ሰሌዳ ብቻ።
ያን ጊዜ ነው ውል ያለችኝ።
አርባ ሦስት ልጆች፣ ሳልጠይቃቸው፣ ባንድ ድምፅ
"ኑ!" አሉ።

መጥተናል፣ ልል ነበር።
ዳስተሩን አነሳሁ፤ መልሼ አስቀመጥኩት።
ከሥሯ "ኒ" ብዬ ጻፍኩ።

ከፊት ወንበር አንዲት ጥርሷ የወለቀ፣
"ቲቸር" አለችኝ፣ "እግሩ ጠሟል።"
"አውቃለሁ" አልኳት።