አልፋ

እሑድ ጠዋት ገላን፣ ከመጋዘኑ ጀርባ፣
ጤፍ የታጨደበት ሜዳ ላይ ስንገባ፣
አቧራው እንዳይነሣ ቦቴ ውኃ ረጭቷል፤
ሕዝቡ በገመድ ዳር ገና በጧት ሞልቷል።
በሦስት ማርሽ መጣን፣ አቃቂን ተሻግረን፣
አራተኛው ማርሽ እምቢ ብሎ፣ ተቸግረን፤
ጋሽ ወርዶፋ ነጂ፣ እኔ ክሪክ አዝዬ፣
ካቻቢቴና ፒንሳ ከኪሴ ውስጥ ጥዬ።

ቀይ ነበረች አሉ፤ አሁን እንደ ገል ናት፣
ኮፋኖዋን ፀሐይ ዓመት በዓመት ልጧት።
አጠገባችን ነጭ ላንቺያ ቆማለች፣
ገመድ ተከልሎላት፣ ምንጣፍ ላይ ነው ያለች፤
ባለቤቷ በጨርቅ፣ እስትንፋሱን ተፍቶ፣
መስተዋቷን ያብሳል፣ እንደ ሕፃን አፍንጫ፣ ተግቶ።

ከኮሚቴው አንዱ፣ ደረቱ ላይ ባጅ፣
ወረቀቱን ይዞ፣ እስክሪብቶ በእጅ፣
“ኦሪጅናል ናት?” አለ። ጋሽ ወርዶፋ ሳቀ፤
“እስቲ ልቁጠርልህ” ብሎ ከኮፋኖው ራቀ።
“ፍሪሲዮን ሸራዋ ከፒካፕ ቶዮታ፣
እጀታዋ የድስት ክዳን፣ ቀልጦ አንድ ማታ፣
ወንበሯን የሰፋ ጫማ ሰፊው ጉርሜሳ፣
ማርሚታዋ ከላዳ፣ ከተጣለ ሬሳ፤
ድምጿ ግን የራሷ ነው።”
                    ሰውዬው ጻፈ ዜሮ፣
ወደ ጥቁሯ ፊያት ሄደ ፊቱን ቋጥሮ።

ጣሊያንኛ አያውቅም፤ አንድ ቀን አልተማረ፤
ግን እጁን ዘርግቶ “ኪያቤ!” ሲል ኖረ።
ፓራፋንጎ፣ ቸርኬ፣ ባሌስትራ፣ ካንዴላ፣
ያቃቂ ቃል ናቸው፤ የማን ናቸው ሌላ?
አባቱ በግዳጅ ለመንገድ ጠጠር ፈልጧል፤
ቃሉን ብቻ ይዞ፣ ደሞዝ ብሎ መጥቷል።

መኪናዋ ግን የሱ አይደለችም።

በሰማንያ ሦስት፣ ግንቦት አጋማሽ ላይ፣
አንድ ሰው አስገባት፣ “ፍሬኗን አንተ እይ፣
ሐሙስ እመጣለሁ” ብሎ በሩን ዘጋ፤
ሐሙስ ስንቴ መጣ! ስንት ክረምት፣ ስንት በጋ!
ጋራዡ ሁለቴ ፈርሶ ሲዛወር፣
በገመድ ጎትቶ ይዟት ሲዞር፣ ሲዞር፤
ገዢ ሲመጣበት “የሰው ናት” ይላል፤
ሚስቱ ስትቆጣው “ሐሙስ ይመጣል።”

ውድድሩ ቀላል፣ ዱከም ደርሶ መልስ።
ባንዲራው ሲወርድ፣ ማርሚታው ሲያስነጥስ፣
ላንቺያዋን አልፋ፣ ጥቁሯን ፊያት አልፋ፣
ሁለት ባጃጅ አልፋ፣ የጭድ ጋሪ አልፋ፣
(ስሟ ለካ ግስ ነው! ያን ዕለት ነው የገባኝ፤)
ሕፃናት ከመንገድ ዳር ስሟን ሲጮኹት፣
የሚጠሯት ይሁን የሚነግሩን፣ አልለየሁት።
ከዚያ ድልድዩ ጋ፣ ውኃዋ ሲፈላ፣
ቆመች። ያለፍናቸው አለፉን በኋላ።

በሰው ትከሻ ነው ሜዳው የተመለሰች።
ሰዉ ወደ ሽልማቱ ሲሄድ፣
አንድ ሽማግሌ ቀረ፤ ከዘራ የያዘ፣
ኮቱ ለዛሬ ፀሐይ የከበደ።
ዞራት። አንድ ጊዜ። ቀስ ብሎ።
የግራው ፓራፋንጎ ላይ፣ ከመብራቱ በታች
ያለችውን የድሮ ጭረት
በአውራ ጣቱ ዳሰሳት፤
ዓይኑ ሌላ ቦታ ነበር።

“ስንት ይሸጧታል?”
“የሰው ናት፤ የኔ አይደለችም።”
“የማን?”
“ሐሙስ የሚመጣ ሰው አለ፤ የሱ።”

ሳል ያዘው። ወይም ሳቅ።
“ፍሬኗስ?” አለ፣ ሲረጋጋ።
“ፍሬኗ ይይዛል።”
ራሱን ነቀነቀ፤ ከዘራውን ነቀለ፤
በታጨደው እርሻ፣ ቃርሚያውን እየረገጠ፣
ወደ አስፋልቱ፣ ወደ ታክሲው ሄደ።

ጋሽ ወርዶፋ ጀርባው እስኪጠፋ አየው።
እጁን በጆንያ ጠረገ። ደግሞ ጠረገ።
“ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው?” አለኝ።
“እሑድ።”
“ታዲያ ገና ነዋ፣ ምን ታፈጣለህ?
ውኃ ቀድተህ ና። ክሪኩንም አምጣ።”