በጠላቴ ገበታ

ማቲኤል ልጄ ሆይ፣ ጦርህን ሳትስል፣
ቁጭ በል ከጎኔ፣ ፍሙ እስኪከስል።
ነገ ዘመቻችሁ ወደ ደቡብ ነው አሉ፣
ወደነዚያ ኮረብቶች፣ ወይራ ወዳበቀሉ።
ሄጃለሁ እኔም ያኔ፣ ጢሜ ሳይነካው ሽበት፤
ስንት ቤት ዐመድ ሆነ፣ ችቦዬን ይዤ በገባሁበት።

አንድ ጎተራ ነበር፣ ከዶታይን አጠገብ፣
ገብስ የሞላበት፣ መጠባበቂያ ለረኃብ።
ባለቤቱ ደርሶ በእንስራው ሲረጨው፣
ሳቅሁበት፣ ነበልባሉ ቅንድቡን ሲፈጀው።
ያ ሳቅ የኔ ነበር። አሁን የማን እንደ ሆነ እንጃ።

በዓመቱ ደግሞ አዘዙን። የንጉሣችንን ሹክሹክታ
ከሩቅ የሚሰማ አንድ ሰው ነበረ፣ ቀን ይሁን ማታ፤
እሱን አስራችሁ አምጡ ተባልን፣ በሠረገላ በፈረስ፣
መንደሩን ከበብን፣ ጎህ ገና ሳይደርስ።

ከዚያ ዐይናችን ጠፋ።
ጨለማ አይደለም፤ ነጭ ነው የወረደው፣
የተደፋ ወተት፣ ብሌን ላይ የረጋው።
አንዱ የአንዱን ቀበቶ ይዞ፣ ፈረሱ ፈረሱን እየረገጠ፣
አንድ ድምፅ ተከተልን፣ ያልቸኮለ፣ ያልደነገጠ፦
“ሳታችሁ፤ በዚህ ነው።”
ልናስረው የመጣነው ሰው፣
በእጃችን ይዞ ወሰደን።

ዐይናችን ሲበራ ሰማርያ መኻል ነን፣
ዙሪያ ገጠም ቅጥር፣ ጦር እንደ ሸንበቆ ከቦን።
ባርጋያ፣ ያ ጀግና፣ እግሩ ሥር ረጠበ፤
የእናቱን ስም ጠራ፤ ጥርሱ ተርገበገበ።
ንጉሣቸው ቸኮለ፤ “ልፍጃቸው?” አለ፤ ደግሞ፣ “ልፍጃቸው?”
ነቢዩ ግን፣ “ርቧቸዋል” አለ፤ “ገበታ ዘርጋላቸው።”

ሳቅ የመጣባቸው ነበሩ። እኛም ተንኮል መሰለን፤
መርዝ ነው፣ ይሄኔ ነው፣ እያልን፣ እርስ በርስ ተያየን።
ዳቦው መጣ፤ ትኩስ። ዘይቱ መጣ። በለሱ። ፍሪዳው።
የሚያሳልፈው ሰው ከፊቴ ሲደርስ፣ እጁን አቆመው።
ግራ ቅንድቡ ላይ ፀጉር የለም።
አወቀኝ።
አወቅሁት።
ከኋላ፣ “ጋድያው፣ ቶሎ በል!” ብለው ጠሩት፤
ስሙን ያን ጊዜ ሰማሁ፤ ሳቃጥለው መች ጠየቅሁት?

ዳቦውን ይዞ ቆመ። ረጅም ጊዜ ያዘው።
አውራ ጣቱ ሰጠመበት፣ ቅርፊቱን ሰበረው።
ከዚያ ለሁለት ገመሰና፣
ትልቁን ሰጠኝ።
“ገብሱ የዘንድሮ ነው” አለኝ።
ሌላ ቃል አልጨመረም።

ስንቅ ቋጥረው ሸኙን፤ ጦራችንን መለሱልን፤
ልናድነው ሄደን፣ የዳንን እኛ ሆንን።

ምነው በገደለኝ፣ ልጄ! ሞት ሒሳብ ይዘጋል፤
ደም በደም ይከፈላል፣ ቂም በቂም ይወጋል፤
ዳቦ ግን በምን ይመለሳል?
አርባ ዓመት ሙሉ ጉሮሮዬ ላይ ነው፤
አይወርድ፣ አይወጣ፣ በምን ልዋጠው?

አምና፣ ከወይኑ ቦታ ያን ሌባ ስይዘው፣ አይተሃል።
አንዴ መታሁት። አልዋሽህም፣ ክንዴ በቂም ሰልጥኗል።
ሁለተኛው ግን እምቢ አለኝ፤
የገብስ ሽታ ካፌ መጣ፣ ዱላው ከእጄ ወደቀብኝ።
ቅርጫቱን ሞላሁለት። እሱ ፈርቶ እያለቀሰ ሄደ፤
አንተም ለእናትህ ነገርሃት፣ “አባቴ አረጀ፤ አበደ።”

አትሂድ አልልህም። የንጉሥ ቃል ነው፤ ትሄዳለህ።
ብቻ ከዶታይን በስተቀኝ፣ አንድ ጎተራ ታያለህ።
ጋድያው ካለ ሽማግሌ ነው፣ እንደኔ፤ ቅንድቡን እየው።
“የማን ልጅ ነህ?” ካለህ፣
“ትልቁን ገሚስ የበላው፣ የዘኩር ልጅ ነኝ” በለው።
ከዚያ ወዲያ፣ ችቦውን፣
ከቻልህ፣ አንሣው።