አንድ ለአሥራ ሁለት

ከከተማው ርቆ በቆመው ጣቢያ
አሥራ አንድ ደረጃ አለው ከመግቢያ፤
ባቡሩ ፈጣን ነው፣ መብራት የሚነዳው፣
ደረጃው ነው እንጂ ሎሚን የሚጎዳው።

ሎሚ ልብስ ሰፊ ናት፣ መርፌ የማይደክማት፣
ጨርቅ ፍለጋ ድሬ ባቡር የሚወስዳት፤
እግሯ ግን ዝም ካለ ሃያ ዓመት ሆነው፣
መንገዱን የሚያውቀው ጎማዋ ብቻ ነው።

መሐል አዳማ ሳለ አሮጌው ለገሃር
በእግሯ ትሮጥ ነበር ከሐዲዱ ዳር ዳር፤
አሁን ሐዲዱን ሣር፣ ጉልትም ወርሶታል፣
ጣቢያው ከከተማው ሸሽቶ ተቀምጧል።

በየሁለት ሳምንቱ ተሸካሚ ጠርታ
ከነወንበሯ ሆና እንደ ኩንታል ወጥታ፣
“ቀስ በሉ” እያለች በአራት ሰው ትከሻ፣
ሰማይ ሰማይ ስታይ እስከ መጨረሻ፤
“ሃምሳ ብር ለወንበር፣ ላንቺ ነጻ” ሲሏት
ጥርሷ ሳቀላቸው፣ ሆዷን ግን ቆረጣት።

እኔ ግንበኛ ነኝ፣ ዘበርጋ ይሉኛል፣
ኖራና ሲሚንቶ ጣቶቼን በልቶኛል።
ሰኔ በገባ በአሥር ደብዳቤ ደረሰ፣
ዓመት የተኛው ብር ድንገት ተላወሰ፤
“እስከ ሠላሳ ድረስ ሥራ ላይ ካልዋለ
ወደ ግምጃ ቤቱ ይመለሳል” አለ።

ንድፉ ላይ ያለችው አንዲት ቀጭን መስመር
“አንድ ሜትር ለመውጣት አሥራ ሁለት በምድር”
ትላለች።

ኮንትራክተሩ መጣ ሜትሩን ዘርግቶ፣
ነፋስ ወረቀቱን ሊቀማው ተጠግቶ፤
“አሥራ ሁለት ብዙ ነው፣ ስድስት ይበቃዋል፣
ግማሹ ሲሚንቶ ለሌላ ይውላል።”
አለኝ ጠጋ ብሎ፣ “ማን መጥቶ ይለካል?”
ውሃ ልክ በእጄ ላይ አረፋው ይዋልላል።

አልዋሽም፤ አሰብኩት። ኪራይም አለብኝ፣
ዝም ማለት በሰኔ ዳቦ ነው፣ ጣፈጠኝ።

ግን ማለዳ ሄጄ ጣውላ ደረደርኩ፣
ያንን ስድስቱን ልክ በእንጨት አስመሰልኩ፤
“ሎሚ፣ ነይ ሞክሪው፣ አንቺ ነሽ ሚዛኑ”
አልኳት፤ ገና አልጠራም፣ ዳመና ነው ቀኑ።

አንድ ገፋች፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ትንፋሿ ጠና፣
ክንዷ ተወጠረ፣ ክር መሰለና፤
አራተኛው ላይ ግን ወንበሩ አመለጠ፣
ወደ ኋላ ሲሄድ ልቤ ተቆረጠ፤
ደረቴን ደቅኜ አቆምኩት ወንበሩን፣
ጎማው ልጦት ነበር የመዳፏን ዳሩን።

አላለቀሰችም።
“ጨርቅ ሲያንሰኝ እኔ ግማሽ ሱሪ አልሰፋም፣
‘ጨምሩ’ እላለሁ፣ ገላን አላስከፋም።”

ቢሮው ሦስተኛ ፎቅ፣ ሊፍቱ ተበላሽቶ፣
“ይጠገናል” የሚል ወረቀት አንግቶ፤
ሎሚ ታች ቀረች፤ እኔ ጣውላ ይዤ
ወጣሁ ደረጃውን በእልህ ደንዝዤ፤
ጠረጴዛው ላይ ጣልኩት ከነደሙ ምልክት፣
“ይሄ ስድስቱ ነው። ፊርማዎን ያኑሩበት።”

ሰውየው መነጽሩን አወለቀ፣ አደረገ፣
ብዕሩን ፈለገ፣ ያልጠፋ ፈለገ።

አሥራ ሁለቱ ወጣ፤ ሰኔ ሠላሳ ማታ
በባትሪ ለሰንኩት ዝናቡ ሳይመታ።
መደገፊያው ብረት በጀት አልደረሰው፣
“ለከርሞ” ተባለ፣ ከርሞን ካየ ሰው።

ሐምሌ ሁለት ጠዋት ሎሚ ብቅ አለች፣
ጥቅል ጨርቅ ከጭኗ፣ ማንንም አልጠራች፤
ተሸካሚዎቹም ከጥላ ተነሡ፣
ሊሏት “እንሸከም?” ጀመሩ፣ መለሱ።

ገፋች። ቆመች። ገፋች።
ኮረብታው ላይ ደግሞ የነፋስ መዘውር
እንደሷ ጎማ ነው፣ ቀስ ብሎ ሲዞር።
እኔ በዳሯ ነኝ ክንዴን ዘርግቼ፣
ብረቱ እስኪመጣ ብረቱን ተክቼ፤
ክንዴን ግን አልያዘች።

ጫፍ ስትደርስ ዞረች፣ ቁልቁል አየችና
ላቧን ጠረገችው፣ ፈገግ አለችና፤
“ሰባተኛው ሜትር ጋ በትንሹ ጎብጧል፣
ልብስ ቢሆን በኔ ቤት ተፈቶ ይሰፋል።”

ባቡሩ ሲነሣ ውሃ ልኬን ይዤ
ወረድኩ ሰባተኛው ጋ፣ አየሁ ተንበርክኬ።
አረፋው ዞር አለ።
ልክ ናት።