ትንፋሽ አልቆረጥኩም

ከዚራ፣ የባቡር ሠፈር፣ ከአንድ ቤት ጓዳ ውስጥ፣
ፍራሽ በሚስማር መትተን ድምፅ እንዳያመልጥ፣
ማራገቢያውን አጥፍተን ስለሚሰማ ጩኸቱ፣
በላብ ተጠምቀን አደርን እስኪጋመስ ሌሊቱ።

ሚልክያስ የመሪጌታ ልጅ፣ ዜማ በአርጩሜ የተማረ፣
ከማኅሌት ቀርቶ ኪቦርድ ላይ ያደረ፤
ዚያዳ ደንገጎን ወርዳ፣ ከጁገል በሚኒባስ መጥታ፣
የአክስቷን ከረቡ አቅፋ፣ ቆዳው እንዳይረግብ ሰግታ።

«ከበሮ» አለ እሱ።
«ከረቡ» አለች እሷ።
«አቦ! ፊደሉ ነው እንጂ ቦታ የተለዋወጠ
ቆዳውማ ያው የበሬ ነው» አልኩ።
ማንም አልሳቀም።

በዕዝል ጀመረ፤ «ሃሌ» ብሎ
«ሉያ»ው አፉ ውስጥ ቀረ።
«አባቴ በዚህ ቃል ነው የሚያለቅሰው፤
ቤዝ ጊታር ከሥሩ አላስገባም።»
እሷም የነቢዩን ስም ልትጠራ ከንፈሯ ሲላቀቅ
በእጇ ምልክት ሰጠችኝ፦ አቁም።
«ይሄ በውዱእ ነው የሚባለው፤ ወላሂ፣
ቢራ በያዘ እጅ አይጨበጨብበትም።»

እንግዲህ ምን ተረፈን?
ቃሉን እሱ ወሰደ፣ ስሙን እሷ ወሰደች፤
ለእኔ የቀረችኝ ከቃል በፊት ያለችው ናት፣
ደረት ሲሞላ የምትሰማው፣
ቀጭኗ፣ ደረቋ፣ «እህ» እንኳ ያልሆነችው።
አሥራ አራት ዓመት ሥራዬ እሷን መቁረጥ ነበር፤
ዘፋኝ የማይተነፍስ ይመስል
እንደ ምስር ጠጠር እየለቀምኩ እጥላት ነበር።

ያን ሌሊት አልቆረጥኩም።
የእሱን በግራ አደረግሁ፣ የእሷን በቀኝ፣
መሐል ላይ ከረቡው፣ ወይ ከበሮው፣ ብቻውን።
ሊነጋ ሲል መብራት ሄደ። ደቻቱ ውስጥ ውሻ ጮኸ።
በጨለማው ሦስታችን ስንተነፍስ ይሰማኛል፤
የቱ የማን እንደሆነ አልለየሁም።

አሁን ባጃጁ ሁሉ ይዞት ይዞራል፣ ከሳቢያን ለገሃር፤
ልጆች በትንፋሹ ላይ ትከሻ ይሰብራሉ።
ወረቀቱ ላይ «ዜማ» ከሚለው ፊት ባዶ ነው፦
«የእኔ አይደለም» አለ፤ «የእኔም» አለች፤
እኔ ደግሞ ማን ነኝና።

ባለፈው ቅዳሜ ባጃጅ ነጂው ይድነቃቸው ነገረኝ፦
መቋሚያ የያዙ ሽማግሌ አሳፍሮ
ዘፈኑ ሲጀምር፣ «ዝጋው» ይሉኛል ብሎ እጁን ሲሰድ፣
መቋሚያዋ ከወለሉ አንዴ ተነሣች፣
ተመልሳ አረፈች።
ከዚያ «እዚህ ጋ» አሉ፤ ቤታቸው ሳይደርስ ወረዱ፤
ሃምሳ ብር ሰጥተውት መልሱን ሳይቀበሉ ሄዱ።