መልሰው

ሕመሟ ከባድ አልነበረም፤ ትንሽ ድምፅ ብቻ ናት፣
ከሦስተኛ ወደ አራት ማርሹን ስቀይርላት
ከሆዷ ሥር «ጢጥ» የምትል፣
ምስር መሃል ጥርስ ያገኘው ጠጠር የምትመስል።

ሰው «አባይ ማዶ ውሰዳት» አለኝ፣ «መልሰው ጋ፤
እጁ ወርቅ ነው፤ ደግሞም አያስወድድም ዋጋ።»
ስሙን ስሰማ ደስ አለኝ፤
የሰጡትን መልሶ የሚሰጥ ሰው መሰለኝ።

ኮፈኑን ገልጦ ጆሮውን ከሞተሩ አስጠጋ፣
እንደ ንስሐ አባት፣ ሳይቸኩል፣ በወግ፣ በጸጋ።
«አቤት ኀጢአቷ!» ብሎ ሣቀ፤ «አይዞህ፣ እኔ አለሁ፤
ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት ና፣ እንደ ሙሽራ አጥቤ እጠብቅሃለሁ።»

ነገ መጣሁ፤ «ዕቃው ከጎንደር እየመጣ ነው።»
በማግስቱ፤ «ዕቃው ደርሷል፣ ቡሎኑ ነው የጠፋው።»
ሐሙስ መብራት የለም፤ ቅዳሜ «ለቅሶ ሄደዋል»፤
ሰኞ ተማሪው ስንሻው፣ እጁን በቤንዚን እያጠበ፣
«ነገ ቢመጡ ይሻላል።»

እኔ የቀረሶ ነጋዴ ነኝ፤ ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት
ጀልባው ሲደርስ ካልጫንኩ፣ ዓሣ አይሰማም ምክንያት።
በባጃጅ ጫንኩ። ባለ ባጃጁ አፍንጫውን በሻርፕ አሥሮ
«ሽታው ሳምንት አይለቀኝም» አለ፣ ዋጋውን በእጥፍ ጨምሮ።

በሦስተኛው ሳምንት አንዲት ዶሮ
ጋቢናው ውስጥ፣ እኔ ከምቀመጥበት፣ እንቁላል ጥላ አገኘሁ።
«የማን ናት?» «የጋሽ መልሰው።» ዝም አልሁ።
እንቁላሉ ገና ሙቅ ነበር። በዚያ ግቢ
በሰዓቱ የደረሰ ነገር እሱን ብቻ አየሁ።

ክላክሷን ያስገጠማት አባቴ ነው፣ ካረጀ አውቶቡስ የተፈታ፤
ጉማሬ ከደንገል ሲወጣ እንደሚያገሳ ያገሳል፣ ጧት ማታ።
ሽምብጥ ድረስ ውሻ ይመልስለት ነበር።

አንድ ማታ ጊዮርጊስ አጠገብ፣ ዘንባባው ሥር ቆሜ
የራሴን ጉማሬ ሰማሁ። ደግሞ ሰማሁ። ቀዘቀዘ ደሜ።
ዞር ስል ነጭ ሚኒባስ፤ ረዳቱ «ጢስ አባይ! ጢስ አባይ!» እያለ፣
ክላክሴ በሰው ቤት እንዳደገ ልጅ አንገቱን ደፍቶ ይጮኻል፣ እዚያ አለ።
ሾፌሩ ምስኪን፤ «ገዛሁት» አለኝ፣ «በስምንት መቶ ብር፤
ሻጩ ራሱ ገጠመልኝ፤ ‹የሟች ዕቃ ነው፣ አደራ› ሲለኝ ነበር።»

ድልድዩን ተሻገርኩ በእግሬ፣ ቀስ እያለ እስትንፋሴ፣
አንዱን ስድብ «በዛ»፣ አንዱን «አነሰ» እያልኩ ለራሴ።
ስደርስ አፌ ላይ የቀረው አንድ ቃል ብቻ፦

«መልሰው!»
«አቤት» አለኝ፣ ከመኪና ሥር፣ እግሩ ብቻ እየታየ።
«መልሰው!»
«አቤት፣ ሰማሁ እኮ!»
«አልጠራሁህም። መልሰው ነው የምልህ።»

እጁን በጨርቅ እየጠረገ ወጣ። ሣቀ። ገብቶታል።
እኔ ግን ድንገት እናቱን አሰብኩ፦
ይህን ስም ሲያወጡለት ምን ጠፍቷቸው ነበር?
ማንን፣ ምን እንዲመልስ ነበር የሚለምኑት?
ምናልባት ከሱ በፊት የሞተ ልጅ…
ቁጣዬ ጥቂት ላላ፣
ደረሰኙን እስኪሰጠኝ ድረስ።

ካንዴላ። የፍሪሲዮን ሸራ። የእጅ ዋጋ። ታች፣ በቀይ እስክርቢቶ፣
«የክላክስ ምርመራ፣ መቶ ሃምሳ ብር።»
ከፈልኩ። ዓሣ አይጠብቅም፣ ብያችኋለሁ።

ዛሬ መኪናዬ ትሄዳለች። ከሦስት ወደ አራት ስትገባ
ያች «ጢጥ» አለች፤
ያ ሁሉ ብር ወጥቶባት
ድምፅዋ ጠራ እንጂ አልጠፋች።
ክላክስ የለኝም። ጭድ የጫነ አህያ መንገዴን ሲዘጋ
አንገቴን በመስኮት አውጥቼ ለነጂው እጮኻለሁ፦
«መልሰው!»
ልጁ ዱላውን ያነሣል፤
አህያውም፣ እግዜር ይስጠው፣
ይመለሳል።